ጉማው ሳቅ ነበር

ደራሲዋ ከጥንታዊው የሰሜን አውሮፓ አማልክት ተረት ተነስታ ቀለል ያለ የፍቅር ልብወለድ በመጻፍ ላይ ናት። አርታኢው የመጀመሪያ ምዕራፎቿን አንብበው ጨርሰዋል።

አርታኢው፦ አነበብኩት። ንግግሩ ይፈስሳል፤ ዋና ገጸ ባሕሪሽን ስካዲንም ወድጃታለሁ። ግን አንድ ነገር ሳልጠይቅሽ አላልፍም። እነዚህን የሰሜን አማልክት እኔ የማውቃቸው በበረዶ፣ በተኩላና በዓለም ፍጻሜ ነው። አንቺ ደግሞ ሲሽኮረመሙ፣ ሲኮራረፉ፣ የት እንኑር ብለው ሲጨቃጨቁ ታሳዪናለሽ። ይህ ለዛ ከነሱ የመጣ ነው ወይስ አንቺ የጨመርሽው?

ደራሲዋ፦ ከነሱ ነው፣ ጋሼ። እንዲያውም በኋላ የገነነው ጨፍጋጋው መልካቸው ነው። ሪቻርድ ቫግነር እ.ኤ.አ. በ1876 ባይሮይት ላይ አራት ምሽት የሚፈጀውን ኦፔራውን በሙሉ ሲያቀርብ ከተረቱ የመረጠው እርግማኑን፣ ክህደቱንና የመጨረሻውን ቃጠሎ ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው አማልክቱን ያወቃቸው በዚያ ሙዚቃ ጥላ ሥር ነው። የአይስላንድን ጥንታዊ ግጥሞች የከፈተ ሰው ግን ቶርን፣ ያን የነጎድጓዱን ጌታ፣ ቀሚስ ለብሶ ዓይነ ርግብ ተከናንቦ ሲዳር ያገኘዋል።

አርታኢው፦ እስቲ ተረኪልኝ፤ እንደ አንባቢሽ ሆኜ ልስማ።

ደራሲዋ፦ ቶር ሲነቃ መዶሻው የለም። ሚዮልኒር ይባላል፤ አማልክቱ ራሳቸውን ከግዙፋኑ የሚከላከሉበት መሣሪያ ነው። ተንኮለኛው ሎኪ የአምላኳን የፍሬያን የላባ ካባ ተውሶ ወደ ግዙፋኑ አገር ይበርራል። የግዙፋኑ ጌታ ትሪም ጉብታ ላይ ተቀምጦ ለውሾቹ የወርቅ ማነቂያ እየጎነጎነ፣ የፈረሶቹን ጋማ እያስተካከለ ያገኘዋል። መዶሻውን ከምድር በታች ቀብሬዋለሁ፤ ፍሬያን ካልዳራችሁልኝ አታገኙትም ይላል። ከብቱም፣ ወርቁም፣ ጌጡም ሞልቶልኛል፣ የጎደለችኝ እሷ ብቻ ናት ባይ ነው። እኔ እዚህ ቦታ ላይ ሁልጊዜ ቆም እላለሁ። ሌባ ነው፣ ግን ብቸኝነቱ የምር ነው።

አርታኢው፦ ፍሬያስ ምን አለች?

ደራሲዋ፦ በንዴት ስታናፋ የአማልክቱ አዳራሽ ተንቀጠቀጠ፤ ስመ ጥሩው የአንገት ጌጧ ወደቀ። እምቢ አለች፣ አለቀ። ማንም መልሶ አልለመናትም። አማልክቱ ተሰብስበው ሲመክሩ ሄይምዳል ራሱን ቶርን ሙሽራ እናድርገው የሚል ሐሳብ አመጣ፤ የፍሬያን ጌጥ አንገቱ ላይ፣ የቁልፍ ዘለላ ወገቡ ላይ። ቶር ሴታሴት ይሉኛል ብሎ ይቃወማል። ፍርሃቱ ተራ እፍረት አይደለም። በጥንቱ የአይስላንድ ሕግ ወንድን እንዲህ ብሎ የሰደበን ሰው ተሰዳቢው ቢገድለው እንኳ መብቱ ነበር። ገጣሚው ከወንዶች ሁሉ ወንድ የሆነውን መርጦ፣ ከሁሉ የሚፈራውን ልብስ ያለብሰዋል።

አርታኢው፦ ሎኪም ሚዜ ሆኖ ይከተለዋል።

ደራሲዋ፦ ደንገጡር መስሎ፤ እሱ ደግሞ ልብሱን በደስታ ነው የሚለብሰው። ግብዣው ላይ ሙሽራዋ አንድ ሙሉ በሬና ስምንት ሳልሞን ዓሣ ትበላለች፤ ለሴቶቹ የቀረበውን ምርጥ ምግብ ሁሉ ትጠርጋለች፤ ጠጁንም በበርሜል ታወርደዋለች። ትሪም ይደነግጣል። ሎኪ ግን መልስ አያጣም፤ ወደዚህ ለመምጣት ከመጓጓቷ የተነሣ ስምንት ሌሊት እህል አልቀመሰችም ይለዋል። ትሪም ሊስማት ዓይነ ርግቡን ገለጥ ሲያደርግ እሳት የሚተፋ ዓይን ያይና እስከ አዳራሹ ጫፍ ወደ ኋላ ይዘላል። እሱንም ሎኪ ስምንት ሌሊት ስላልተኛች ነው ብሎ ይሸፍነዋል። ትሪም ሁለቱንም ያምናል። ውሸቱ የሚሠራው ሰውዬው መወደድን አጥብቆ ስለፈለገ ነው፤ አሁንም ድረስ የፍቅር ኮሜዲ የሚጽፍ ሁሉ ከዚህ የተሻለ ብልሃት አላገኘም።

አርታኢው፦ ከዚያ መዶሻው ይመጣል።

ደራሲዋ፦ ሙሽራዋን ለመባረክ ይመጣና ጉልበቷ ላይ ይቀመጣል። ቶር በልቡ ይስቃል። ከዚያ ሁሉንም ይፈጃቸዋል። ከሙሽራዋ ቀለበት የለመነችውን የትሪምን እህት ጭምር።

አርታኢው፦ እኔን የያዘችኝ እሷ ናት። ስስቅ ቆይቼ እዚያች ሴት ጋ ስደርስ ሳቄ ይቋረጣል። ቀለል ያለ የፍቅር መጽሐፍ የሚጽፍ ሰው መጀመሪያ የሚያወጣው እሷን ነው ብዬ ጠብቄ ነበር። አንቺ ግን ሰርጉን በትዝታ ስታስገቢው ስም ሰጥተሻት፣ ሁለት ገጽ ጽፈሽላታል።

ደራሲዋ፦ እሷ ከወጣች ሳቁም አብሮ ይወጣልና ነው። በነዚህ ተረቶች ውስጥ ለእያንዳንዱ ሳቅ የሚከፍል ሰው አለ። አንባቢ ያን ክፍያ ካላየ ቶር ቀሚስ የለበሰ ቂል ብቻ ሆኖ ይቀራል። ሲያየው ግን ሰርጉ አማልክቱን ለምን እንዲያ እንዳስጨነቃቸው ይገባዋል፤ መዶሻው ባይመለስ ግዙፋኑ የአማልክቱን አገር አስጋርድን ሊወርሱት ነበር። ቀለል ያለ መጽሐፍ እጽፋለሁ ስል ባዶ መጽሐፍ እጽፋለሁ ማለቴ አይደለም።

አርታኢው፦ አንድ ክርክር ላንሣ። ግጥሙ ዘግይቶ፣ በክርስትና ዘመን፣ በአሮጌዎቹ አማልክት ለመሳለቅ የተጻፈ ነው የሚሉ ሊቃውንት አሉ። እንዲያ ከሆነ የምትመኪበት ሳቅ የአማኞቹ አይደለም፤ አማልክቱን የተዉ ሰዎች ሳቅ ነው።

ደራሲዋ፦ የደረሰን ቅጂ ኮዴክስ ሬጊዩስ የሚባለው ብራና ነው፤ አይስላንድ ውስጥ በ13ኛው መቶ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ የተጻፈ። አይስላንድ ክርስትናን በሸንጎ የተቀበለችው እ.ኤ.አ. በ1000 ገደማ ስለሆነ ብራናውን የጻፈው እጅ የክርስቲያን እጅ ነው። ግጥሙ ከብራናው ምን ያህል እንደሚቀድም ግን ያከራክራል። እኔ የግጥሙን አካሄድ ነው የማየው። ለመሳለቅ ብቻ የጻፈ ሰው ቶርን በመጨረሻ አያስከብረውም ነበር። እዚህ ቶር መዶሻውን ጨብጦ ሲነሣ ገጣሚውም አብሮት ይነሣል። የምንወደውን ወንድም በሰርጉ ቀን እንደምናበሽቀው ዓይነት ነው፤ በማንወደው ሰው እንዲህ አንጫወትም።

አርታኢው፦ የዚያ ብራና ዕጣ ራሱ ልብወለድ ይወጣዋል። እ.ኤ.አ. በ1643 አንድ የአይስላንድ ጳጳስ እጅ ገባ፤ በ1662 ለዴንማርክ ንጉሥ ተላከ፤ ወደ አገሩ የተመለሰው በ1971 ነው። አይስላንዳውያን ሬይኪያቪክ ወደብ ላይ ወጥተው መጽሐፍ የጫነች መርከብ ተቀበሉ።

ደራሲዋ፦ ከመሐሉ ስምንት ቅጠል ያህል ጎድሎ። የጎደለው ደግሞ ጀግናው ሲጉርድና ብሪንሂልድ የሚፋቀሩበት ክፍል መሆኑ ያንገበግበኛል። ጦርነቱ ተረፈ፣ የፍቅሩ ትልቁ ክፍል ጠፋ።

አርታኢው፦ ታዲያ አንቺ ከተረፈው ውስጥ ስካዲን ለምን መረጥሽ? ፍሬያ አለች፤ በድመቶች በሚጎተት ሠረገላ የምትሄድ፣ ለጠፋ ባሏ የወርቅ እንባ የምታለቅስ። ለፍቅር መጽሐፍ ከሷ የተሻለ ማን አለ?

ደራሲዋ፦ ፍሬያን ሁሉም ይመርጣታል። የስካዲ አገባብ ግን ከማንኛውም ልብወለድ ይበልጥብኛል። አባቷ ቲያዚ ኢዱንን ጠልፎ ነበር፤ አማልክቱ እንዳያረጁ የሚበሉትን ፖም የምትጠብቀውን። ሎኪ ሰርቆ ሲያስመልሳት ቲያዚ በንስር አምሳል ተከትሎ ሲያሳድድ አስጋርድ ደጃፍ ላይ ገደሉት። ልጁ ስካዲ የራስ ቁር ደፍታ፣ ጥሩር ለብሳ፣ መሣሪያዋን ሁሉ ታጥቃ ለበቀል መጣች። አማልክቱ ከመዋጋት ጉማ መክፈልን መረጡ። ከመካከላቸው ባል እንድትመርጥ ተፈቀደላት፤ ግን እግራቸውን ብቻ አይታ። እሷ በበኩሏ ካላሳቃችሁኝ አልታረቅም አለች፤ ይህንን መቼም አይችሉትም ብላ ነው። የአማልክቱ አለቃ ኦዲን ደግሞ የአባቷን ዓይኖች ወደ ሰማይ ወርውሮ ሁለት ኮከብ አደረገላት።

አርታኢው፦ ሳቅን እንደ ጉማ የጠየቀ ሰው በሌላ ተረት አላጋጠመኝም። ከብት ይጠየቃል፣ ወርቅ ይጠየቃል፣ ልጃገረድም ትሰጣለች።

ደራሲዋ፦ ሐዘንተኛ እኮ ናት፣ ጋሼ። አባቷ ገና አልቀዘቀዘም። አስቁኝ ስትል የምታዝናና ነገር አምጡልኝ ማለቷ አይደለም፤ እርቁን የምታፈርስበትን መንገድ ማስቀመጧ ነው። ከሳቀች ሐዘኗን አሳልፋ ሰጠች። ሎኪ ገመድ ያመጣና አንዱን ጫፍ ከፍየል ጺም፣ ሌላውን ከገዛ ብልቱ ጋር ያስራል። ፍየሏ ትጎትታለች፣ እሱ ይጎትታል፣ ሁለቱም ይጮኻሉ። በመጨረሻ ስካዲ ጭን ላይ ዘፍ ሲል ሳቀች። ስኖሪ ስቱርሉሶን በኤዳ መጽሐፉ ይህን በጥቂት ዓረፍተ ነገር ነው የሚያልፈው፤ እኔ ሙሉ ምዕራፍ ሰጠሁት።

አርታኢው፦ ሎኪ መሆኑ ይገርመኛል። ለአባቷ ሞት ከሁሉ የሚቀርበው እሱ ነው፤ ቲያዚን ወደ ሞቱ የሳበው እሱ።

ደራሲዋ፦ ሌላ ሰው ሊያስቃት የማይችለውም ለዚያ ነው። ሌላው ቢቀልድ ቀልድ ብቻ ነው። ያስለቀሳት ሰው ፊቷ ወድቆ፣ አሞት፣ ተዋርዶ ሲጮኽ ግን ጉማ ነው። የጻፍኩት ምዕራፍ ላይ ስካዲ ስትስቅ ወዲያው አፏን በእጇ ትይዛለች፤ ቀጥሎ መልሳ ትስቃለች፤ ሦስተኛው ላይ ታለቅሳለች። ይህ ስኖሪ ላይ የለም፣ የኔ ነው። ግን ያን ሳቅ የሳቀ ሐዘንተኛ ወደ ልቅሶ ሳይሻገር ይቀራል ብዬ አላምንም።

አርታኢው፦ እሱ ገጽ ከመጽሐፉ ሁሉ ይበልጥብኛል። አንድ ቃል እንዳትነኪበት። እንግዲህ ባሏ ጋ እንምጣ፤ የተሳሳተውን ባል ማለቴ ነው።

ደራሲዋ፦ ከሁሉ የሚያምረውን እግር መረጠችና ይህ ባልደር ነው አለች፤ ከአማልክቱ ሁሉ ቆንጆው። ቀና ብላ ስታይ ንዮርድ ሆነ፤ የባሕሩ፣ የዓሣውና የመርከቡ ጌታ፣ ትልልቅ ልጆች ያሉት ሰው። በኔ መጽሐፍ እግሩ የጠራው ዕድሜውን ሙሉ የባሕር ውኃ ስላጠበው ነው። ከዚያ ጭቅጭቁ ይጀመራል። እሷ አባቷ የኖረበት ተራራ ላይ እንኑር ትላለች፣ እሱ ኖአቱን የሚባለው የመርከብ መጠለያው ዘንድ። ተስማምተው ዘጠኝ ሌሊት ተራራ ላይ ያሳልፋሉ። ባሕር ዳር ስንት ሌሊት እንደሚያሳልፉ ግን የስኖሪ ቅጂዎች አይስማሙም፤ አንዱ ዘጠኝ፣ ሌላው ሦስት ይላል።

አርታኢው፦ እና አንቺ የቅጂዎቹን ልዩነት ወስደሽ የባልና ሚስት ክርክር አደረግሽው። እሱ ዘጠኝ ተባብለናል ይላል፣ እሷ ሦስት ነው ያልኩት ትላለች። አንብቤ ለብቻዬ ስቄያለሁ።

ደራሲዋ፦ እንዲህ ያለ ስጦታ ማን ይጥላል! እሱ ከተራራው ሲወርድ የተኩላው ጩኸት ከስዋን ወፎች ዜማ ጋር ሲተያይ አስጠላኝ ይላል። እሷ የባሕር ወፎቹ ጠዋት ጠዋት እየጮኹ እንቅልፍ ነሱኝ ትላለች። የተጣሉት በእንቅልፍ ነው። አማልክት ናቸው፣ ዓለምን ይገዛሉ፣ ግን ትዳራቸውን የፈተነው ሌሊት የሚሰማው ድምፅ ነው። ያገባ ሰው ሁሉ ይህን ያውቀዋል።

አርታኢው፦ በመጨረሻ ግን ይለያያሉ። እሷ ወደ ተራራዋ ተመልሳ በበረዶ መንሸራተቻዋ እየሄደች በቀስት ታድናለች። እዚህ ላይ ነው ጭንቀቴ። የፍቅር ልብወለድ ለአንባቢው የገባው ቃል አለ። እ.ኤ.አ. በ1908 ከተመሠረተው የለንደኑ ሚልስ ኤንድ ቡን፣ በ1949 ከተመሠረተው የካናዳው ሃርለኩዊን መጻሕፍት ጋር ያደገ አንባቢ በመጨረሻው ገጽ ሁለቱን አብረው ማየት ይፈልጋል። መብቱም ነው። የመረጥሽው ትዳር ፈርሷል፤ የመረጥሽው ዓለም ደግሞ ጨርሶ ይጠፋል። ኦዲን በተኩላ ይዋጣል፣ ቶር እባቡን ገድሎ ዘጠኝ እርምጃ ሳይሻገር በመርዙ ይወድቃል። ሁሉም ይህን አስቀድመው ያውቃሉ። በዚህ ላይ ምን ዓይነት ደስታ ትሠሪያለሽ?

ደራሲዋ፦ ማወቃቸው ነው የሚረዳኝ። መጨረሻውን የሚያውቅ ሰው ዛሬ የት እንደሚተኛ መጨቃጨቁ ቀላል ነገር አይመስለኝም፤ ሕይወትን አጥብቆ መያዝ ነው። ደግሞ በዚያ ጥፋት ውስጥ እንኳ ሊፍና ሊፍትራሲር የሚባሉ ሁለት ሰዎች ጫካ ውስጥ ተሸሽገው የጠዋት ጤዛ እየተመገቡ ይተርፋሉ፤ የሰው ዘር ከነሱ እንደገና ይበዛል። ተረቱ ራሱ ከእሳቱ ማዶ የሚያሳልፈው ጥንድ ነው። ወደ መጨረሻው ግን እመለሳለሁ፤ መጀመሪያ ገርድ ላይ ምን እንዳሉ ልስማ። እሷ ትከብደኛለች።

አርታኢው፦ ገርድ ላይ ፍርሃት አለኝ፣ አዎ። አንባቢ እንዲከተለን ነገሩን ከሥሩ አንሺው።

ደራሲዋ፦ ፍሬይር የንዮርድ ልጅ ነው። አንድ ቀን ኦዲን ዓለምን ሁሉ የሚያይበት ዙፋን ላይ ይቀመጥና ሩቅ በግዙፋኑ አገር ገርድን ያያታል፤ ክንዷ ባሕሩንና ሰማዩን ያበራ ነበር ይላል ስለ እነሱ የተገጠመው ግጥም። በፍቅር ታምሞ ከሰው ይለያል። አገልጋዩ ስኪርኒር አማላጅ ሆኖ ሊሄድ ይስማማል፤ ግን ለመንገዱ የፍሬይርን ፈረስና በራሱ የሚዋጋውን ሰይፍ ይጠይቃል። ፍሬይር ሳያቅማማ ይሰጣል። ኋላ በዓለም ፍጻሜ ከእሳቱ ግዙፍ ከሱርት ጋር ሲገጥም ያ ሰይፍ በእጁ የለም፤ ለዚያም ነው የሚሞተው።

አርታኢው፦ እስከዚህ የማይወድደው የለም። ፍቅር ሰይፉን አስጣለው። ቀጥሎ ያለውን ነው የምፈራው።

ደራሲዋ፦ ስኪርኒር 11 የወርቅ ፖም ያቀርብላታል፤ እምቢ ትላለች። በየዘጠኝ ሌሊቱ ስምንት እኩያ ቀለበት የሚያንጠባጥበውን ቀለበት ያቀርብላታል፤ በአባቴ ቤት ወርቅ አልጎደለኝም ትላለች። አንገትሽን እቀላዋለሁ ይላታል፤ አትበገርም። በመጨረሻ የሚሰብራት እርግማን ነው፤ ብቸኝነት፣ እብደት፣ የማይጠግብ ምኞት እቀርጽብሻለሁ የሚል ረጅም፣ አስፈሪ እርግማን። ያኔ እሺ አለች።

አርታኢው፦ ይህ ደግሞ ፍቅር አይደለም። አንባቢሽ ወጣት ሴት ናት፤ እንዲህ የተገኘ እሺታ ላይ ከበሮ ብትመቺ መጽሐፉን አሽቀንጥራ ትጥለዋለች፣ እኔም አልፈርድባትም። ብታወጪው ደግሞ ተረቱን በኖራ ቀባሽው ማለት ነው።

ደራሲዋ፦ አላወጣሁትም። ማስፈራሪያው በሙሉ ገጹ ላይ አለ፤ በዚያ ገጽ ላይ ማንም አይስቅም። ከዚያ ግጥሙ ራሱ የተወልኝን ክፍተት ያዝኩ። ገርድ እሺ ስትል ቦታውንና ጊዜውን የወሰነችው እሷ ናት፤ ባሪ የሚባል ጸጥ ያለ ጫካ ውስጥ፣ ከዘጠኝ ሌሊት በኋላ። ፍሬይር አንዷ ሌሊት ረጅም ናት፣ ሦስቱን እንዴት እችላለሁ ብሎ ሲያቃስት ግጥሙ ያልቃል። ስለ እሷ ዘጠኝ ሌሊት ማንም አልጻፈም። እኔ እዚያ ነው የገባሁት።

አርታኢው፦ ከማን ጋር አኖርሻት?

ደራሲዋ፦ ከስካዲ ጋር። የግጥሙ መግቢያ ላይ ስለ ፍሬይር ሐዘን መጀመሪያ የምትናገረው ስካዲ ናት፤ ስኪርኒርን ሄደህ ልጃችንን ጠይቀው ብላ የምትልከው። የእንጀራ ልጇ ነው። እሷ ራሷ ደግሞ እንደ ገርድ የግዙፋን ልጅ ናት፤ በድርድር ወደ አማልክቱ ቤት የገባች። ገርድ ምን እንደደረሰባት ከሷ በላይ የሚገባው የለም። በኔ መጽሐፍ በበረዶ መንሸራተቻዋ ትሄድላትና እርግማኑን እኔ አስነሳልሻለሁ፤ መቅረት ከፈለግሽ ቅሪ ትላታለች። ከዚያ ፍሬይር ራሱ፣ ያለ ሰይፍ፣ ያለ አማላጅ፣ በእግሩ መጥቶ ይጠይቃታል። እሺታዋ የሚሰማው ያኔ ነው።

አርታኢው፦ ሰይፉን ግን አላስመለስሽለትም?

ደራሲዋ፦ በፍጹም። ሰይፉ ከተመለሰ ፍቅሩ ምን አስከፈለው? ገርድም ይህን ታውቃለች። አንድ ቀን በዚህ ምክንያት እንደሚሞት እያወቀች ነው የምታሾፍበት፣ በበግ አጥንት እንጨት መቁረጥ የምታስተምረው። የምወደው የሁለቱ ቀልድ ከዚያ ይነሣል።

አርታኢው፦ እንግዲያው ገርድን ተቀብያታለሁ። ሌላ የሚገርመኝ ነገር፣ እነዚህ ሰዎች በፍቅር ጉዳይ በቀጥታ የሚናገሩበት ቦታ ማነሱ ነው። እግር ታያለች፣ መዶሻ ጉልበት ላይ ይቀመጣል፣ ሰይፍ ይሰጣል። ወድጄሻለሁ የሚል የለም።

ደራሲዋ፦ ግራጋስ የሚባለው የአይስላንድ ሕግ ስለ አንዲት ሴት የፍቅር ግጥም የገጠመ ሰው ከሕግ ጥበቃ ውጭ እንዲደረግ ያዝዝ ነበር። የሴቲቱና የቤተሰቧ ክብር ጉዳይ ነው። ግጥም መግጠም ሞት የሚያመጣበት አገር ፍቅር በዕቃ ይናገራል። ለጸሐፊ በረከት ነው፤ ገጸ ባሕሪዎቼ ሁሉ አንድ ነገር በእጃቸው ይዘው ነው የሚፋቀሩት።

አርታኢው፦ ስለ ዘመኑ ሥራዎችም ጠይቀሽኝ ነበር። የዴንማርኩ ሰዓሊ ፒተር ማድሰን እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ ያወጣው ቫልሃላ የተሰኘ የሥዕል ተረት መጽሐፍ ሳቁን በደንብ ይዞታል፤ የቶርንም ሰርግ ሠርቶታል። የ2011ዱ የቶር ፊልም ደግሞ ፍቅሩን ከምድራዊት ሳይንቲስት ጋር አደረገው፤ አየሁት፣ አልያዘኝም። የቀረበበት ሰው ሁሉ ቆንጆ ነው፣ ማንም እንቅልፍ አያጣም። እና አሁን መጨረሻውን ንገሪኝ። ሁለቱ ይለያያሉ ወይስ አይለያዩም?

ደራሲዋ፦ በየቤታቸው ይኖራሉ። እሷ ተራራዋ ላይ፣ እሱ ባሕሩ ዳር።

አርታኢው፦ ይህ መለያየት ነው፣ ልጄ።

ደራሲዋ፦ ስኖሪ እዚያ ላይ ያቆማል። ሌሎቹን ግጥሞች ይመልከቷቸው። ፍሬይር በፍቅር ሲታመም ንዮርድም ስካዲም በአንድነት ስለ ልጃቸው ሲጨነቁ እናያለን። ሎኪ አማልክቱን ሁሉ በሚሳደብበት በባሕሩ ግዙፍ በኤጊር ግብዣ ላይ ደግሞ ከተጋባዦቹ መካከል ንዮርድና ሚስቱ ስካዲ ተብለው ተጽፈዋል። ሚስቱ ነው የሚለው። ሁለት ቤት፣ አንድ ማዕድ። ቀንና ሌሊት አብሮ መኖር ያልቻለ ጥንድ የሚኖርበትን መንገድ አገኘ ማለት ነው። እኔ ይህን ደስተኛ ፍጻሜ ነው የምለው፤ መጽሐፌም የሚያበቃው እዚያ ግብዣ ላይ ነው፣ ሎኪ ከመግባቱ በፊት።

አርታኢው፦ ስኖሪ በኢንግሊንጋ ሳጋ ላይ ስካዲ ኋላ ኦዲንን አግብታ ብዙ ልጆች ወለደች የሚለውንስ ምን ታደርጊዋለሽ?

ደራሲዋ፦ እተወዋለሁ። ምንጮቹ እርስ በርሳቸው ካልተስማሙ ልብወለድ አንዱን የመምረጥ መብት አለው። የመረጥኩት ግን የተጻፈ መሆኑን ላሳይዎት እችላለሁ፤ ከራሴ አልፈለሰፍኩትም።

አርታኢው፦ ይበቃኛል። አንባቢም ይቀበለዋል፤ ባይሆን ከግብዣው በፊት ሁለቱ የሚገናኙበትን መንገድ አሳጥሪው፣ አሁን ባለበት ይጎተታል። የቀረኝ አንድ ጥያቄ ነው። የእግር ምርጫው ምዕራፍ ገና አልደረሰኝም። ከስካዲ ዓይን ነው የምትጽፊው?

ደራሲዋ፦ ከንዮርድ። ሁሉም ከሷ ዓይን ነው የሚያስበው። እሱ ግን ከወንዶቹ ጋር በረድፍ ቆሟል፤ ባልደርን እንደምትፈልግ ያውቃል፣ አጠገቡም ባልደር ቆሟል። እግሩ ሥር መጥታ ስትቆም ይሰማዋል። ለኔ ምዕራፉ በሙሉ ቀና ብላ ፊቱን ከማየቷ በፊት ያለችው ቅጽበት ናት፤ መመረጡን አውቆ፣ በስህተት መሆኑንም አውቆ፣ ምን እንደሚላት የሚያስብባት።

አርታኢው፦ ምን ይላታል?

ደራሲዋ፦ እስካሁን የጻፍኩት ይቅርታ እንዲጠይቃት ነው።

አርታኢው፦ አይጠይቃት። በጦር ልብስ ለመጣች ሴት ይቅርታ አይበቃም። ይልቅ ባሕር አይተሽ ታውቂያለሽ ወይ ብሎ ይጠይቃት፤ እሷም አላውቅም ትበለው። ከዚያ ወዲያ ያለውን ዘጠኝ ሌሊት አንቺ ታውቂበታለሽ።